ምርጥ ዘርና ምርጥ ዘፈን

በባኮ ከተማ «ምርጥ» የሚለው ቃል በሁለት ስፍራ ይሰማል። አንደኛው ስለ እርሻ በሚነጋገሩ ሰዎች ዘንድ ሲሆን፥ እዚያ ምርጥ ማለት ምርጥ ዘር ማለት ነው። ሁለተኛው ዘፈን በስልክ በሚጫንባቸው ትንንሽ ሱቆች ነው፤ እዚያ ደግሞ ምርጥ ማለት ምርጥ ዘፈን ማለት ነው። እነዚህ ሁለት ምርጦች በአንድ ከተማ አብረው እየኖሩ ሁለተኛው ከአንደኛው አንዳች ትምህርት አለመቅሰሙ ስላስገረመን፥ ይህን አጭር አስተያየት ለተማሪዎችና ለወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ማቅረብ ወደድን።

ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው። ባኮ ከአዲስ አበባ ወደ ነቀምቴ በሚወስደው መንገድ 250 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ለምሳ ባረፍንበት ቤት አንድ ወጣት መምህር ከስልኩ አንድ የውጭ አገር ሙዚቃ አሰማን። የሚጫወቱት ሦስት ሰዎች ብቻ ነበሩ፤ ክሪም የተባለው የብሪታንያ ባንድ ነው። ኤሪክ ክላፕተን ጊታር፥ ጃክ ብሩስ ቤዝ ጊታር፥ ጂንጀር ቤከር ድራም ይመታሉ። በእንደዚህ ያለ ባንድ ውስጥ ጉድለትን የሚሸፍን ፒያኖም ሆነ የትንፋሽ መሣሪያ የለም። አንዱ ቢያርፍ ክፍተቱ ወዲያው ይሰማልና፥ ሦስቱም የዘጠኝ ሰው ያህል ይሠራሉ። ወጣቱ መምህር «ከዚህ የሚበልጥ ሙዚቃ አልሰማሁም» አለን። እኛም ጣዕሙን አደነቅንለት።

ይሁን እንጂ ያሰማን ሙዚቃ ባንዱ እንደ አንድ ሥራ አስቦ ያዘጋጀው አልነበረም፤ የምርጦች ስብስብ ነው። ክሪም የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1966 ሲሆን የተበተነው በ1968 መጨረሻ ነው። «የክሪም ምርጥ» የተሰኘው ሸክላ የወጣው ግን በ1969፥ ሦስቱ ሰዎች ከተለያዩ በኋላ ነው። በውስጡ አሥር ዘፈኖች አሉ። ከእነዚህ ከአሥሩ ሦስቱን የደረሱት የባንዱ ሰዎች አይደሉም፤ ከጥቁር አሜሪካውያን የብሉዝ ሙዚቃ የተወሰዱ ናቸው። አንደኛው መሠረቱ በ1936 ሮበርት ጆንሰን የተቀዳው ዘፈን ነው። ጆንሰን በሕይወቱ 29 ዘፈኖችን ብቻ አስቀድቶ በ1938 በ27 ዓመቱ የሞተ የሚሲሲፒ ሰው ነበር። ወጣቱ መምህር የክላፕተንን ጊታር ጣት በጣት ያውቀዋል፤ የጆንሰንን ስም ግን ከቶ ሰምቶት አያውቅም። ጥፋቱ የእርሱ አይደለም፤ በስልኩ ላይ ከዘፈኑ ቁጥር በቀር የተጻፈ ነገር አልነበረምና።

«ስም ቢጻፍ ባይጻፍ ምን ልዩነት ያመጣል? ጆሮ እንጂ ዓይን አይዘፍን» የሚል አይጠፋም። ለዚህ መልስ የሚሆን ታሪክ አለ። ስኪፕ ጄምስ የተባለ ሌላ የሚሲሲፒ ሰው በ1931 ጥቂት ዘፈኖችን አስቀድቶ ለብዙ ዓመታት ተረስቶ ኖረ። ክሪም በ1966 ከዘፈኖቹ አንዱን ሲጫወት የደራሲነቱን ስም ለባለቤቱ ሰጠ። ከዚያም የተገኘው ክፍያ ጄምስ በካንሰር ታሞ በነበረበት ጊዜ ለሕክምናው ደረሰለት። በ1969 እስኪሞት ድረስ ከሙዚቃ ያገኘው ዋናው ገንዘብ ይኸው ነበር ይባላል። እንግዲህ በሸክላው ላይ የሰፈረች አንዲት መስመር ጽሑፍ ለአንድ ሽማግሌ የሐኪም ቤት ሂሳብ ሆነች ማለት ነው።

ወደ አገራችን እንመለስ። ከአገራችን ዘመናዊ ሙዚቃ መልካሙ ክፍል የተቀዳው በአጭር ጊዜ ውስጥ ነው። ሸክላ የማሳተም ሥልጣን ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በተሰጠበት ዘመን፥ አምሃ እሸቴ የተባለው ወጣት በ1969 ደፍሮ የራሱን የሸክላ ድርጅት አቋቋመ። እስከ 1975 ድረስም ከመቶ የሚበልጡ ትንንሽ ሸክላዎችንና አሥራ ሁለት ያህል ትልልቆችን አወጣ። ከዚያ በኋላ ሸክላው በካሴት ተተካ፤ የሸክላዎቹም ብዙዎቹ ተሰበሩ፥ ተጫሩ፥ ጠፉ። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ «ኢትዮፒክ» በሚል ስም በተከታታይ ሰብስቦ ባያሳትማቸው ኖሮ፥ የዛሬው ተማሪ ከአብዛኞቹ ጋር ባልተዋወቀ ነበር። ስለዚህ የምርጦችን ስብስብ በደፈናው የምንነቅፍ አይደለንም። ገንዘብ ለሌለው ሰው ምርጥ ማለት ቤተ መጻሕፍት ማለት ነው።

ነገር ግን ምርጫ ባለበት ሁሉ መራጭ አለ፤ መራጭም ጆሮ ብቻ ሳይሆን መንገድም አለው። በዚሁ ተከታታይ ስብስብ ውስጥ ታላቁ የኦሮምኛ ዘፋኝ ዓሊ ቢራ የራሱን ጥራዝ ያገኘው በ28ኛው ነው። የአዲስ አበባ ሸክላ ቤቶች ያሳተሙትን የሚሰበስብ ሰው መጀመሪያ የሚያገኘው የአዲስ አበባን መሆኑ አያስደንቅም። በ2007 ደግሞ ከዚያው ስብስብ ተመርጦ የምርጦች ምርጥ ወጣ። እንዲህ እየተመረጠ በሄደ ቁጥር የሚቀረው እየጣፈጠ ይሄዳል፤ የሚጣለው ግን እየበዛ ይሄዳል። ከባኮ፥ ከጌዶ፥ ከአምቦ የሚነሣ ልጅ ያደገበትን ዜማ በምርጦቹ መካከል ፈልጎ ቢያጣ፥ ዜማው ምርጥ ስላልሆነ ነው ብሎ ያምን ይሆናል። ይህ ግን ትልቅ ስሕተት ነው።

ከምሳ በኋላ ወደ አንድ ዘፈን መጫኛ ሱቅ ጎራ ብለን፥ «ይህን የምታሰማውን ዘፈን ግጥሙን የደረሰው ማነው? ያቀናበረውስ?» ብለን ጠየቅን። ልጁ በትሕትና፥ «ጋሼ፥ እኔ እንጃ። ሰው ቢጠይቀኝ ዘፋኙን ነው፤ ብዙው ግን "የድሮ ምርጥ ጫንልኝ" ብሎ ስልኩን ብቻ ይሰጠኛል» አለን። መሣሪያውንም አዙሮ አሳየን። ከዘፈኖቹ ግማሽ የሚሆኑት «ትራክ ሰባት»፥ «ትራክ ስምንት» ይላሉ እንጂ የዘፋኙ ስም እንኳ የለባቸውም።

አሁን ይህን ከዚያው ከተማ ከሌላው ምርጥ ጋር እናስተያየው። ከባኮ ምርምር የወጣውና በ1993 ለገበሬው የተለቀቀው ቢኤች 660 የተባለው በቆሎ በአገራችን እጅግ ከታወቁት ምርጥ ዘሮች አንዱ ነው። «ቢኤች» የሚሉት ፊደላት የባኮ ድቅል ማለት ናቸው። ይህ በቆሎ ሦስት ወላጆች አሉት፤ ሁለቱ ይዳቀላሉ፥ የእነርሱም ልጅ ከሦስተኛው ጋር ይዳቀላል። እያንዳንዱ ወላጅ የራሱ መጠሪያ አለው፤ መዝገብ ላይ ሰፍሯል፥ ከሌላው እንዳይቀላቀልም ለብቻው ይጠበቃል። ገበሬው ከምርጥ ዘር ያመረተውን በቆሎ መልሶ ቢዘራው፥ ይበቅልለታል እንጂ እንደ መጀመሪያው ዓመት አያፈራለትም። አዲስ ምርጥ ዘር ለማግኘት ሁልጊዜ ወደ ወላጆቹ መመለስ ግድ ነው። ወላጆቹ ቢጠፉ ምርጡም አብሮ ይጠፋል።

በእኛ አስተያየት የዘፈንም ነገር እንደዚሁ ነው። ምርጡን ብቻ ሰምቶ ምርጡን የሚቀዳ ወጣት፥ ከምርጥ ዘር ምርት ቆንጥሮ የሚዘራ ሰው ይመስላል። ድምፁ ይበቅላል፤ ፍሬው ግን ዓመት በዓመት ይቀጥናል። ክላፕተን ወደ ጆንሰን የደረሰው በ1961 በታተመ ሸክላ ነው፤ ያም ሸክላ ራሱ ከጆንሰን ሥራዎች የተመረጠ ስብስብ ነበር። ልዩነቱ ግን ይህ ነው፤ ያ ስብስብ የባለቤቱን ስም በግልጽ ይዞ ነበርና ለሰሚው ወደ ወላጁ የሚያደርስ በር ሆነለት። ስም የሌለው ምርጥ ግን በር የሌለው ግድግዳ ነው። «ዘር ከልጓም ይስባል» ይባላል፤ ዘሩ ያልታወቀ ግን ወዴት ሊስብ ይችላል?

በአገራችንም ስም ያዳነው ሰው አለ። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1981 ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያው ቀረ፤ በዋሽንግተን አካባቢም ታክሲ ሲነዳ ብዙ ዓመት ኖረ። በ1985 ለብቻው የሠራውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ሰብሳቢ ባሕር ዳር አገኘውና፥ በላዩ በተጻፈው ስም ባለቤቱን ፈልጎ ደወለለት። ካሴቱ በ2013 እንደገና ታተመ፤ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። በካሴቱ ላይ «ትራክ ሰባት» ብቻ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ያ ስልክ ባልተደወለ ነበር።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410 ደራሲ የሥራው ባለቤትነት እንዲታወቅለት፥ ስሙም እንዲጠቀስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ሕጉ አለ፤ የጎደለው ልማዱ ነው። ልማድ ደግሞ በፖሊስ አይመጣም፤ በትንንሽ ሥራ ይመጣል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን እናሳስባለን። በትምህርት ቤት ሚኒ ሚዲያ የምታገለግሉ ተማሪዎች፥ አንድ ዘፈን ከማሰማታችሁ በፊት የዘፋኙን፥ የግጥምና የዜማ ደራሲውን፥ የአቀናባሪውንም ስም ተናገሩ፤ ካላወቃችሁ ጠይቁ፥ መጠየቁ ራሱ ትምህርት ነው። በባህል መሥሪያ ቤቶች የምትሠሩ ወጣቶች፥ በየወረዳችሁ ያሉትን አዛውንት ዘፋኞችና መሣሪያ ተጫዋቾች ከነስማቸውና ከነቀበሌያቸው መዝግቡ፤ በቆሎ መዝገብ ያገኘባት አገር ለሰው መዝገብ አትነሣም። ሁላችሁም ደግሞ የወደዳችሁትን ምርጥ ከሰማችሁ በኋላ፥ ከምርጡ ውጭ የቀረውን አንድ ዘፈን ፈልጋችሁ ስሙ።

ወጣቱን መምህር ስንሰናበተው የሮበርት ጆንሰንን ስም በደብተሩ ጻፈ። ከእርሱም በታች፥ ራሱ አስቦ፥ በልጅነቱ ሠርግ በደረሰ ቁጥር ሲዘፍኑ የሚሰማቸውን የአንድ የሰፈሩን ሽማግሌ ስም ጻፈ። ሽማግሌው ዛሬም በሕይወት አሉ፤ ድምፃቸውን ግን የቀዳ ሰው የለም። «እሑድ እሄዳለሁ» አለን። እሑድ ዛሬ ነው፤ እንደ ሄደ ተስፋ እናደርጋለን።