«ወፍ የለም» ያለው ማን ነው?

በአዲስ አበባ አራዳ ቋንቋ «ወፍ የለም» ማለት «ምንም የለም፣ ተስፋ ቁረጥ» ማለት ነው። ማኅበራችን በዚህ የፎል ሴሚስተር አንዱን የቅዳሜ ፕሮግራም ከፌርፋክስ አውጥቶ ባሎና ረግረግ ያድርገው ስል የሚመለስልኝም ይኸው ነው። «እዚያ ደግሞ ምን አለ? ወፍ የለም።» ቃል በቃል ከወሰድነው የዚህን ያህል የተሳሳተ መልስ የለም። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባሎና ላይ ሞልቶ የተረፈው ወፍ ነው።

ቦታው ከማሪና ዴል ሬይ በስተደቡብ፣ ከፕላያ ዴል ሬይ ጉብታ ሥር ነው። በፊት ከ2,000 ኤከር በላይ ነበር። በ1930ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ጅረቱ በኮንክሪት ታሰረ፤ በ1960ዎቹ የጀልባ ማቆሚያው ተቆፈረ፤ ከቀረው ብዙውን ቤትና መንገድ ወሰደው። ዛሬ የካሊፎርኒያ ግዛት ከልሎ የሚጠብቀው 577 ኤከር ነው።

ይህ ከፌርፋክስ ጋር ምን አገናኘው? ውኃ። ሰፈራችን ያለው ዝናቡ ወደ ባሎና ጅረት በሚፈስበት 130 ስኩዌር ማይል ገደማ መሬት ውስጥ ነው። በዚህ ከተማ የመንገድ ጎርፍ ከመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ጋር ተደባልቆ ማጣሪያ ጣቢያ አይገባም፤ የራሱ ቱቦ አለው፣ መጨረሻውም ባሕር ነው። ከምሳ በኋላ አስፋልት ዳር የወደቀው የማኪያቶ ኩባያ ክዳን የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ጉዞውን ይጀምራል። በ2022 ጅረቱ ባሕር በሚገባበት አፍ ላይ በፀሐይ ኃይል የሚሠራ ቆሻሻ ለቃሚ ማሽን ተተክሏል። ጥሩ ነው፤ ግን የሚለቅመው የኛንም ነው። በ2002 ከተማው ሰፈሩን «ትንሿ ኢትዮጵያ» ብሎ ሲሰይምልን የተረከብነው ምግብ ቤቶቹንና ታፔላውን ብቻ አይደለም፤ ጎርፉንም ጭምር ነው።

ወደ ወፎቹ ልመለስ። ከአላስካና ከሰሜን ካናዳ የሚወርዱት የባሕር ዳር ወፎች ገና በበጋው መድረስ ይጀምራሉ። ባሕሩ ሸሽቶ ጭቃው ሲገለጥ ረጃጅም ምንቃራቸውን እንደ መርፌ እየሰኩ ትል ሲያወጡ ማየት ነው። ጥቅምት ላይ ዳክዬዎቹ ይከተላሉ። ከነሱ ሁለቱን ልብ በሉልኝ፤ የአንዱ ምንቃር እንደ ማንኪያ የሰፋ፣ የሌላው ጭራ እንደ ወስፌ የሾለ ነው። እነዚሁ ሁለት ዝርያዎች፣ ከአውሮፓና ከሳይቤሪያ በኩል ወርደው፣ በዚያው ወራት ዝዋይና ጣና ላይ ያርፋሉ። ባሎና ላይ ቆማችሁ የምታዩት ዳክዬ ዘመዱ ዝዋይ ነው ማለት ነው፤ እንደ ብዙዎቻችን።

የማይሄድም አለ። ጨው በሚወደው ቁጥቋጦ ውስጥ የሚኖር፣ ጨዋማ ውኃ ጠጥቶ የሚያድር ቡናማ ድንቢጥ ነው። ግዛቱ በ1974 ለመጥፋት ከተቃረቡት ጋር መዝግቦታል። ረግረጉ ካለቀ የሚሰደድበት ሌላ ቦታ የለውም።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የመስቀል ወፍ ነገር ነው። በዓመት አንዴ ብቅ የሚል ዘመድ «የመስቀል ወፍ» እየተባለ ይታማል። ወፉ ግን የትም አይሄድም። ወንዱ በክረምት የሚለብሰውን ደማቅ ላባ ከመስቀል በኋላ ያወልቅና እንደ ሴቷ ቡናማ ይሆናል፤ አጠገባችን እያለ አናውቀውም። ይህን ስም ከምንሰጣቸው አንዱ፣ ቀዩ፣ ዛሬ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ይራባል። ዲቪ ሞልቶ አልመጣም፤ ለሽያጭ በጎጆ ከመጡት ያመለጡት ተዋልደው ነው። በሎስ አንጀለስ ወንዝ ዳር፣ በተለይ ሴፑልቬዳ አካባቢ ባለው ሣር ውስጥ፣ በመስከረም እንደ ፍም ቀልቶ ይታያል። ደመራ በየዓመቱ እናበራለን፤ ወፉ እዚሁ ከተማ እንዳለ የሚያውቅ ግን ከመካከላችን ስንት ነው?

«ሀገር ቤት ሰው እየተቸገረ ወፍ ማየት ቅንጦት ነው» የሚለውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። ቀላል ተቃውሞም አይደለም። ግን ቅዳሜ ጠዋት አርሴናልን ስናይ፣ ማታ ክትፎ ስናዝ ይህ ጥያቄ ተነሥቶ አያውቅም። ጉዳዩ ደግሞ መዝናናት ብቻ አይደለም። ግዛቱ ረግረጉን መልሶ ለማልማት፣ የጅረቱን ግድብ በከፊል አፍርሶ የባሕሩን ውኃ ለማስገባት ዕቅድ አውጥቶ በ2020 አጽድቆ ነበር። ከተፈጥሮ ተቆርቋሪዎች ገሚሱ ደገፈው፤ ገሚሱ «በቡልዶዘር የሚዳን ነገር የለም» ብሎ ከሰሰ። በ2023 ፍርድ ቤት የአካባቢ ጥናቱ ጉድለት አለበት ብሎ ማጽደቂያው እንዲነሣ አዘዘ። እኔ ባሕሩ መግባት አለበት ባይ ነኝ፤ ከነኮንክሪቱ የተተወ ረግረግ ቀስ በቀስ ደረቅ መሬት ይሆናል። እናንተ ሌላ ልትሉ ትችላላችሁ። ነገሩ ግን እንዲህ ነው፦ በእንዲህ ያለ ጥናት ላይ አስተያየት ለመጻፍ ዜግነት አይጠየቅም። በኤፍ ዋን ቪዛ ያለ፣ ድምፅ መስጠት የማይችል ተማሪም ሊጽፍ ይችላል፤ የሚጻፈውም መዝገብ ላይ ይሰፍራል። በምንኖርበት ከተማ ላይ ቃላችን በሕግ ከሚሰማባቸው ጥቂት በሮች አንዱ ይህ ነው፤ ያላየነውን ቦታ በተመለከተ ግን ምን ብለን እንጽፋለን?

ስለዚህ የማኅበሩ ኮሚቴ ከጥቅምት ቅዳሜዎች አንዱን ይስጠን። አብዛኛው የተከለለ መሬት ለሕዝብ ዝግ ነው፤ ነገር ግን በ2003 የተሠራው የጣፋጭ ውኃ ረግረግ ዳር የእግር መንገድ አለ፤ ከጅረቱ ጎን ካለው የብስክሌት መንገድም ብዙ ይታያል። ባሕሩ የሚሸሽበትን ሰዓት ከስልክ ላይ ማየት ያስፈልጋል። ባይኖኩላር ያለው ያምጣ፤ ለሦስት አንድ ይበቃል። ሜርሊን የሚባለው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነጻ አፕ ድምፁን ሰምቶ የእንግሊዝኛ ስሙን ይነግራችኋል። ለአማርኛው ግን በየመኪናው አንድ እናት ወይም አባት ይኑር፤ በተለይ ገጠር ያደጉ። እኛ ሁሉንም «ወፍ» እና «አሞራ» ብለን ጨርሰነዋል፤ እነሱ ግን ይብራን ከዳክዬ፣ ዋኔን ከእርግብ ይለያሉ፣ ጠያቂ አጥተው ነው እንጂ። ምሳው እንደተለመደው ፌርፋክስ ይሁን።