ፊደል ያልቆጠረው ሄንሪ ይሻላል

ጌም ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ፕሌይስቴሽን ቤት ተራ ተጠብቆ የሚጫወቱትን ኳስ ነው። ከዚያ የሚለይ ሌላ ዓይነት አለ። ተጫዋቹ አንድን ሰው ሆኖ ለሳምንታት ይኖራል፤ ይራባል፣ ይሠራል፣ ይዋሻል፣ ይጣላል፣ ይታረቃል። ከዚህ ዓይነቶቹ ውስጥ በቅርብ ዓመታት ብዙ ያነጋገረው ቼኮች የሠሩት «ኪንግደም ከም፦ ዴሊቨራንስ» ነው። የመጀመሪያው ክፍል በ2018 ወጣ፤ ሁለተኛው በ2025 መጀመሪያ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)።

ሁለተኛው ከወጣ ጀምሮ የተጫዋቾች ክርክር የትኛው ይበልጣል የሚል ነው፤ አብዛኛው ድምፅም ለሁለተኛው ነው። የመጀመሪያው አንድ ሚሊዮን ቅጂ ለመሸጥ ሁለት ሳምንት ያህል ፈጅቶበት ነበር፤ ሁለተኛው በአንድ ቀን ጨረሰው። ለ2025 የዓመቱ ምርጥ ጌም ከታጩት ስድስቱም አንዱ ነበር። ይሁን እንጂ ለመጀመሪያው የሚከራከር ሰው መኖር አለበት። ምክንያቱም ከፕራግ ሰው ይልቅ ለጋይንት፣ ለስማዳና ለእስቴ ሰው ቶሎ የሚገባ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ይጀምራል። ዘመኑ 1403 ነው፣ አገሩ ቦሄሚያ። ሄንሪ የሚባል የአንጥረኛ ልጅ ስካሊትዝ በተባለች የብር ማዕድን መንደር ይኖራል። የዚያን ቀን ጠዋት አባቱ የላኩት ለተራ ጉዳይ ነው፦ ከአንድ ሰካራም ዕዳ ተቀበል፣ ከሰል ግዛ፣ ቢራ ይዘህ ና። ከዚያ ከየት መጣ ሳይባል ጦር ይደርሳል። ሁለት ወንድማማቾች፣ ዌንስስላስና ሲጊስሙንድ፣ በዘውድ ተጣልተዋል፤ በእነሱ ጠብ መንደሩ ይቃጠላል፣ እናትና አባቱ ዓይኑ እያየ ይገደላሉ። ሄንሪ ይሸሻል። ቆይቶ ወላጆቹን ሊቀብር ይመለሳል፤ እዚያም ወንበዴ ደብድቦ ሊገድለው ምንም አይቀረውም። ነገሩን ለማያውቅ ሰው ይህ የጀግና አጀማመር አይመስልም። መንደሩ ሲቃጠል ያየ፣ ወይም የወገኑን ሬሳ በወጉ ሳይቀብር የሸሸ ሰው ግን ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የመጀመሪያው ጌም ትልቅነት ሄንሪ ምንም የማይችል መሆኑ ነው። ሰይፍ ይይዛል፣ መሰንዘር አያውቅም። ካፒቴን በርናርድ የሚባል ወታደር ቆሞ እስኪያስተምረው ድረስ መንገድ ላይ ሁለት ሌባ ከመጣ መሮጥ ነው። ዋናው ነገር ግን ሰይፉ አይደለም። ሄንሪ ማንበብ አይችልም። መጽሐፍ ሲገልጥ ተጫዋቹም የሚያየው የተዘበራረቀ ፊደል ነው፤ ቃሉ ቃል አይመስልም። መፍትሔው ዑዢትዝ የምትባል መንደር ሄዶ ጸሐፊውን መፈለግ፣ ከፍሎ መማርና ቀናት ማሳለፍ ነው። ቀስ እያለ ፊደሉ ቦታ ቦታውን ይይዛል፤ አንድ ቀን ገጹ ይነበባል። በጌም ታሪክ ከዚህ የበለጠ ሽልማት የሰጠ ጌም ካለ ጥቂት ነው። ወርቅም ዘንዶም አይደለም፣ የተነበበ ገጽ ነው።

ይህንን ለጋይንት ሰው ማስረዳት ከንቱ ድካም ነው። የድጓ ማስመስከሪያዋ ቤተልሔም ያለችው እዚያው ጋይንት ነው። ከየአገሩ የሚመጣው ተማሪ ደበሎ ለብሶ፣ ከውሻ እየታገለ፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ቁራሽ ለምኖ ዓመታት ይቀመጣል። አንድ መጽሐፍ «አወቅሁ» ለማለት ስንት ክረምት እንደሚፈጅ የሚያውቅ ሕዝብ ነው። የመጀመሪያው ጌም አንድ ሥራ ላይም ሄንሪን ሳዛቫ ገዳም አስገብቶ ጀማሪ መነኩሴ ያደርገዋል፤ በደወል ተነሣ፣ ጸልይ፣ ብላ፣ ሥራ፣ ተኛ። ብዙ ተጫዋች «አሰልቺ» ብሎ ያማረረው ይህንን ነው። መሰልቸቱ ግን የኑሮው እውነት ነው፤ ገዳም በሩጫ አይኖርም።

ሁለተኛው ክፍል የሚቀጥለው የመጀመሪያው ካቆመበት ነው። ሄንሪና ጌታው ሃንስ መልእክት ይዘው ወደ ትሮስኪ ግንብ ሲሄዱ አድብቶ የጠበቃቸው ጦር ይጥልባቸዋል፤ ሁሉን ያጣሉ፣ ተዋርደውም አደባባይ ላይ እጅና አንገታቸው በሳንቃ ተጠርቆ ይቆማሉ። ሄንሪ በቁስል ምክንያት የተማረውን ችሎታ አብዛኛውን ያጣል፣ እንደገና ይጀምራል። ማንበብ ግን ከመጀመሪያው ይችላል። አዘጋጆቹ ይህን ማድረጋቸው አያስወቅስም፤ የተማረን ሰው ደግሞ ፊደል ማስቆጠር አይቻልም። የጠፋው ነገር ግን ትልቅ ነው፣ በቦታውም እኩያው አልመጣም።

በሌላው ሁሉ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ሁለተኛው ይበልጣል። የመጀመሪያው ሲወጣ በስህተት የተሞላ ነበር፤ ሰው ግድግዳ ውስጥ ይገባል፣ ሥራው መሀል ላይ ይቆማል። ሴቭ ለማድረግ እንኳ ወይ አልጋ ፈልጎ መተኛት ወይ አረቄ መጠጣት ያስፈልግ ነበር፤ አረቄው ሲደጋገም ሄንሪ ይሰክራል። (ይህን ያሰበ ሰው የአረቄ ቤት ወዳጅ ሳይሆን አይቀርም። ሁለተኛውም ላይ አረቄው አልቀረም።) የሁለተኛው ሰይፍ ውጊያ ቀለል ብሏል፤ የምት አቅጣጫው ተቀንሷል፣ እጅ አያደናግርም። ኩተንበርግ፣ ዛሬ ኩትና ሆራ የምትባለው የብር ከተማ፣ ከነገበያዋ፣ ከነመታጠቢያ ቤቷና ከነማዕድን ጉድጓዷ ቆማለች። እንዲህ ያለች ከተማ በመጀመሪያው አልነበረችም።

አንጥረኝነቱም የመጣው በሁለተኛው ነው። በመጀመሪያው ሄንሪ የአንጥረኛ ልጅ ይባላል እንጂ መዶሻ አይጨብጥም። በሁለተኛው ብረቱን እሳት ውስጥ ይከታል፣ ሲቀላ ያወጣል፣ እያገላበጠ ይቀጠቅጣል፣ ውኃ ይነክረዋል። በኋላ በ2025 የወጣ ተጨማሪ ክፍልም ሙሉ በሙሉ የአባቱን የቀድሞ መሥሪያ ቤት ማደስ ላይ ያተኮረ ነው። እዚህ ላይ ለኛ ሰው የሚቆረቁር ነገር አለ። የጌሙ ዓለም አንጥረኛን ያከብራል። በእኛ ገጠር ማረሻውን፣ ማጭዱንና መጥረቢያውን የሚሠራው ሰው ስሙ ቀጥቃጭ፣ ሲመሽ ደግሞ ቡዳ ነው። ያለ እሱ ማረስ የማይችል ገበሬ ከእሱ ጋር ለመጋባት ይጸየፋል። ሄንሪ እስቴ ቢወለድ ኖሮ ታሪኩ ከመንደር ቃጠሎ በፊት ነበር የሚጀምረው።

ሁለተኛው የመለሰው ሌላም ጥያቄ አለ። በ2018 የመጀመሪያው ሲወጣ «ጥቁር ሰው የሌለበት አውሮፓ» ተብሎ ተተችቶ ነበር። ሁለተኛው ሙሳ የሚባል ከማሊ የመጣ ሊቅ በሲጊስሙንድ ሰፈር አስገባ፤ ያኔ ደግሞ ሌላው ወገን «ታሪክ ተዛባ» ብሎ ጮኸ። ለዚህ ጩኸት መልስ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ነው። በ1402፣ ማለትም ስካሊትዝ ከመቃጠሏ አንድ ዓመት በፊት፣ የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች ቬኒስ ገብተዋል፤ መሪያቸው አንቶኒዮ ባርቶሊ የሚባል የፍሎረንስ ሰው ነበር፣ ከስጦታው ውስጥም ነብሮች ነበሩበት። ዐፄ ዳዊት የዘርዐ ያዕቆብ አባት ናቸው። አውሮፓ ውስጥ አፍሪካዊ ሊቅ ማየት የከበደው ተጫዋች በዚያው ዘመን ቬኒስ ወደብ ላይ ሐበሻ ነብር ይዞ ሲወርድ ቢያይ ምን ሊል ነው? በዚህ ጉዳይ ሁለተኛው ከመጀመሪያው የሰፋ ልብ አሳይቷል።

ታዲያ ለምን የመጀመሪያው ይሻላል ይባላል? በጦርነቱ አያያዝ ምክንያት ነው። በመጀመሪያው ጦርነት በሄንሪ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። የስካሊትዝ ተፈናቃዮች ራታይ በር ላይ ሥራና መጠለያ ፈልገው ተቀምጠዋል፤ የከተማው ሰው ፊቱን ያዞርባቸዋል፤ ሄንሪ ከእነሱ አንዱ ነው። በሁለተኛው ጦርነት ሄንሪ የሚሠራው ነገር ነው፤ ከዚሽካ ጭፍራ ጋር ይዘርፋል፣ ግንብ ይከላከላል፣ በጊዜው አዲስ በሆነው ጠመንጃ ይተኩሳል። ለጨዋታ ይህ ያስደስታል። ለሐቁ ሲባል መጨረሻው ላይ የሞቱት እናትና አባቱ በሕልሙ መጥተው በሠራው ሥራ ይጠይቁታል፤ ይህ ሁለተኛውን ከብዙ የጦርነት ጌሞች በላይ ያደርገዋል። ሆኖም ተጫዋቹ እስከዚያ ድረስ አሸናፊ ሆኖ ቆይቷል። ለአሸናፊ የሚመጣ ጥያቄ ደግሞ ለተፈናቃይ እንደሚመጣው አይደለም።

ልዩነቱ በጋይንት መንገድ ላይ ጎልቶ ይታያል። በጥቅምት 1867 ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን ለቅቀው፣ ጋፋት ላይ የተቀለጠውን ሴባስቶፖል መድፍ እያስጎተቱ ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። መንገዱ በጋይንት አድርጎ፣ በቸጨሆ ወጥቶ፣ በዋድላና በደላንታ አልፎ በሽሎን ይሻገራል። መቅደላ የደረሱት በመጋቢት 1868 መጨረሻ አካባቢ ነው፤ ስድስት ወር ሊሞላ ምንም አልቀረው። ጉዞው ጌም ቢሠራበት ሁለት ዓይነት ጌም ይወጣዋል። አንዱ ንጉሡን ሆነህ ገደል እየቆረጥክ መድፉን የምታሻግርበት ነው፤ ሁሉም የሚያስበው ይህንን ነው፣ ቲያትሩም ግጥሙም ይህንን ብሎታል። ሌላው የመንገዱ ዳር ገበሬ ልጅ ሆነህ የምትጀምርበት ነው። በእነዚያ ዓመታት ቤጌምድር በገዛ ንጉሡ ጦር ተዘርፏል፤ ጎተራ ተራግፏል፣ ሰው ወደ ጫካ ሸሽቷል። አባትህ ለማረሻ ከሰል አምጣ ብሎ ልኮህ ስትመለስ ጎተራው ባዶ ነው፤ ከሩቅ ደግሞ መድፍ የሚጎትት ሕዝብ ጩኸት ይሰማል። ይህ የመጀመሪያው ሄንሪ ጌም ነው።

ኢትዮጵያ በትልልቆቹ የውጭ ጌሞች አልጠፋችም። በሲቪላይዜሽን አምስት ኃይለ ሥላሴ፣ በስድስተኛው ምኒልክ አሉ፤ ኤጅ ኦፍ ኢምፓየርስም በ2015ም በ2021ም አስገብቷታል። ሁሉም ግን አገሩን ከሰማይ ቁልቁል የሚያዩ ናቸው፤ ተጫዋቹ ንጉሥ ነው፣ ገበሬው ነጥብ ነው። በአገር ውስጥ ቅኔ ጌምስ የሠራው «ኩኩሉ» ከባለቤቷ የምታመልጥ ዶሮ ታሪክ ነው፤ ቀላል የስልክ ጌም ቢሆንም ቢያንስ ከመሬት ነው የሚጀምረው። ቼኮቹም ሲጀምሩ ትልቅ አልነበሩም። ዘንዶና አስማት የሌለበትን ጌም አሳታሚዎች አንፈልግም ስላሏቸው በ2014 ከሕዝብ 300,000 ፓውንድ ለመኑ፤ ከ35,000 በላይ ሰው ከ1.1 ሚሊዮን በላይ አዋጣ። ገንዘቡ ብቻውን ጌሙን አልሠራም፤ ፈላጊ መኖሩን ለባለሀብት አሳየ። የሠሩትም የአገራቸውን ታላላቅ ድሎች ሳይሆን 16 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሆነች ገጠር ነው። ያን ያህል መሬት ከነፋስ መውጫ ዙሪያ ቢወሰድ ዓመት የሚያሠራ ታሪክ አለው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ሁለቱም ጌሞች ይዋሻሉ። ሄንሪ በራበው ጊዜ የትኛውም ቤት ገብቶ ከተጣደው ድስት ይቀምሳል፤ ድስቱ ባዶ ሆኖ አይገኝም። ስማዳና ጋይንት ውስጥ ሴፍቲ ኔት ስንት ዓመት እንደቆየ የሚያውቅ ሰው እዚህ ላይ ፈገግ ይላል። ገጠሩን በጥንቃቄ የሳለ ጌም ረሃብን ፈርቶታል።

ለመጫወት ለሚያስብ ሰው የቀረው የኪስ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው 100 ጊጋ ባይት ቦታና 16 ጊጋ ራም ያለው ኮምፒውተር ይጠይቃል፤ ፕሌይስቴሽን 4 ላይም አይሠራም። ከነሐሴ 2023 ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት በተቋረጠበት ክልል 100 ጊጋ ማውረድ ራሱን የቻለ ገድል ነው። የመጀመሪያው በፕሌይስቴሽን 4ም በ8 ጊጋ ራምም ይሠራል፤ ዋጋውም ወርዷል። ስህተቶቹም አብዛኞቹ ተስተካክለዋል። የያዘው ሰው ሰይፍ ለመማር ከመሮጡ በፊት ዑዢትዝ ያለውን ጸሐፊ አይለፈው።