ፎቶግራፍ ሌባ ሻይ አይደለም

ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ በ16ኛው ምዕተ ዓመት የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት አይቶ ሲጽፍ፣ አንባቢዎቹ አያምኑኝም ብሎ ስለ ሰጋ የጻፈው ሁሉ እውነት መሆኑን በእግዚአብሔር ስም ምሎ አረጋገጠ። ካሜራ አልነበረውም፤ ማስረጃው መሐላ ነበር። ዛሬ ማንም አይምልም። ሞባይሉን ከኪሱ አውጥቶ «ይኸው ፎቶው!» ይላል፤ ነገሩም በዚያው ይቆረጣል። እኔ ግን የቄሱ መሐላ ከዛሬው «ይኸው ፎቶው» ይሻላል ባይ ነኝ። የማለው ሰው ቢያንስ ስሙን ሰጥቷል።

ለመሆኑ ሌባ ሻይን የሚያስታውስ አለ? ድሮ ንብረት ሲጠፋ ለአንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ይለቁት ነበር። ልጁ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይያዛል። ይህን ስንሰማ እንስቃለን። በፌስቡክና በቴሌግራም የምናደርገው ግን ከዚህ በምን ይለያል? አንድ ቪዲዮ ይለቀቃል፤ ከስልክ ስልክ እየተንገዳገደ ይዞራል፤ የወደቀበት ሰው ወይም ሕዝብ ወንጀለኛ ይባላል። የት ተቀረጸ? መቼ? ማን ቀረጸው? ከፊቱና ከኋላው ምን ተቆረጠ? ጠያቂ የለም። እኛ ጋዜጠኞችም «ፎቶ ከማኅደር» ብለን ዓመትና ቦታ ሳንጽፍ ስንለጥፍ ያንኑ ልጅ መድኃኒት እያጠጣነው ነው።

ላሊበላ ከ2013 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በጦርነቱ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ስትዘዋወር ቆየች፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ እንደገና ተኩስ ተሰማባት። ለተጎዳው የላስታ ሰው የሚጠቅመው የተጋራ ቪዲዮ ብዛት አይደለም፤ ነገ ዳኛ ፊት የሚቆም ማስረጃ ነው። ይህ ደግሞ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በትግራይ ማኅበረ ዴጎ አካባቢ የተፈጸመውን ግድያ የሚያሳዩ ቪዲዮዎች በ2013 ዓ.ም. ሲወጡ፣ ቢቢሲ አፍሪካ አይና ቤሊንግካት ከጀርባ የሚታየውን የተራራ ጠርዝ ከሳተላይት ምስል ጋር አመሳክረው ቦታውን ለዩ። ተራራ አይዋሽም፤ የጥላ አቅጣጫም ሰዓት ይናገራል። አቡነ ዮሴፍን ከጀርባው ያደረገ ቪዲዮም የተቀረጸበትን አገር መካድ አይችልም፤ አስተውሎ የሚያይ ባለሙያ ከተገኘ ማለት ነው።

የላሊበላ ሰው ግን ይህን ትምህርት ከጦርነቱ በፊት ተምሮታል። ወደ 7 ኪሎ ይመዝናል የሚባለው የወርቅ መስቀል «አፍሮ አይገባ» በ1989 ዓ.ም. ከቤተ መድኃኔዓለም ተሰረቀ። ለአንድ ቤልጅየማዊ በ25,000 ዶላር ተሸጦ፣ እ.ኤ.አ. በ2001 ወደ ቤቱ ተመለሰ። እግዚአብሔር ይመስገን። ነገር ግን የተመለሰው አንድ መስቀል ነው፤ በየገጠሩ ቤተ ክርስቲያን ያለው ንዋየ ቅድሳት ቢጠፋ በምን እናስመልሰዋለን?

«ንዋየ ቅድሳት ለካሜራ አይቀርብም፤ ፎቶ ለሌባ መንገድ መሪ ነው» የሚሉ አሉ። ሥጋታቸውን አልንቅም። ሆኖም የላሊበላ መስቀሎች በቱሪስት ካሜራ ስንት ጊዜ እንደ ተነሱ ማን ቆጥሮት? ሌባው ፎቶ አላጣም፤ ያጣው ባለቤቱ ነው። የቱሪስቱ ፎቶ ደግሞ ለፍርድ ቤት አይረባም። በፍላሽ ያብረቀረቀ የመስቀል ፊት ያሳያል እንጂ ጀርባውን፣ ጭረቱንና የተበየደበትን ቦታ አያሳይም። በላሊበላ መስቀል አምሳል አንጥረኛ ሁሉ ይሠራል፤ ያኛውን ከዚህኛው የሚለየው ጠባሳው ብቻ ነው።

ሙያው የሚጠይቀው ግልጽ ነው። መጀመሪያ ዕቃው ካለበት ቦታ ጋር፣ ቀጥሎ ሙሉ አካሉ ከፊትና ከኋላ፣ ከዚያም ምልክቱ በቅርብ ይነሳል። ካሜራው ፊት ለፊት ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ማስመሪያ ከጎኑ ይቀመጣል፤ ጭረቱ እንዲወጣ ብርሃኑ ከጎን ይመጣል። ዋናው ፋይል አይነካም፤ ሥራ የሚሠራው በቅጂው ነው። ማን አነሳው፣ ማን ተረከበው የሚለው በፊርማ ይያዛል። መስቀሉ በተሰረቀበት ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1997፣ ኦብጀክት አይዲ የተባለው ዓለም አቀፍ የቅርስ መግለጫ ደረጃ ይፋ ሆኗል፤ በዝርዝሩ መጀመሪያ ላይ የሚገኘውም ፎቶግራፍ ነው። የእኛም አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ይመዝገብ ይላል። እንግዲህ ሕግ ጠፋ፣ ዘዴ ጠፋ ማለት አይቻልም።

የጠፋው ለሥራው የሚሰጠው ክብር ነው። ለመጥረጊያና ለወንበር ሞዴል 19 የሚቆርጥ መሥሪያ ቤት፣ ምስልን ያለ ርክክብ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ሲገለብጥ ቅር አይለውም። ፎቶ አንሺ ማለት ለሠርግና ለመታወቂያ የሚፈለግ ሰው ብቻ ይመስለናል።

ስለዚህ እላለሁ፦ በየደብሩ አንድ ዲያቆን ይሠልጥን፤ ካሜራ፣ ማስመሪያና መዝገብ ይሰጠው። ምስሉ ለአደባባይ አይውጣ፤ አንዱ ቅጂ በደብሩ፣ አንዱ በሀገረ ስብከቱ፣ አንዱ በኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ተቆልፎ ይቀመጥ። የግፍ ቪዲዮ በእጁ ያለ ሰውም ዋናውን ሳይቆርጥና ጽሑፍ ሳይለጥፍበት፣ ቀኑንና ቦታውን ጽፎ ያኑረው። ዛሬ ያልነበረውን ሰው እንደነበረ አድርጎ የሚሠራ ኮምፒውተር መጥቷል፤ ከእንግዲህ የምስልን እውነት የሚያጸናው ውበቱ አይደለም፣ የመጣበት መንገድ መታወቁ ነው። ይህን ዛሬ ካልሠራን፣ ነገ ዳኛ ፊት ቀርበን እንደ አልቫሬዝ ከመማል በቀር ምርጫ አይኖረንም። ዳኛው ደግሞ ማመን ግዴታው አይደለም።