የሆድ ማሳመሪያ ቀዶ ሕክምና፦ ስጋቱ ከሆስፒታል ከተወጣ በኋላም ይቀጥላል

እንደ አውሮፓውያኑ አቆጣጠር በጥቅምት 2024 ናይሮቢ በሚገኝ የግል ክሊኒክ ስብ የማስመጠጥ ሕክምና (ላይፖሰክሽን) ያደረጉ አንዲት ሴት፣ ሁኔታቸው ተባብሶ ሌላ ሆስፒታል ከገቡ በኋላ ሕይወታቸው አለፈ። የኬንያ የሕክምና ባለሙያዎችና የጥርስ ሐኪሞች ምክር ቤትም ክሊኒኩ እንዲዘጋ አዘዘ።

ከዚያ በኋላ የነበረው ክርክር በአመዛኙ ያተኮረው በፈቃድና በባለሙያ ብቃት ላይ ነበር። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም ሕክምናው ካለቀ በኋላ ታካሚውን የሚከታተለው ማን እንደሆነ እምብዛም አልተነሳም።

ሆድን ለማጥበቅ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ቀላል አይደለም። ከእምብርት በታች ከዳሌ እስከ ዳሌ ተቀዶ የላላው ጡንቻ ይሰፋል፤ የተረፈው ቆዳም ተቆርጦ ይወጣል። ታካሚዋ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ጎንበስ ብላ ትራመዳለች፤ ብዙ ጊዜም ከቆዳ ሥር የሚጠራቀመውን ፈሳሽ የሚያስወጣ ቱቦ ይደረግላታል። እስከ ስድስት ሳምንት ከባድ ነገር ማንሳት አይመከርም። ልጅ ማዘልና ጀሪካን መሸከምም ከዚሁ ይቆጠራሉ፤ ሕክምናውን ከቤተሰብ ደብቃ ላደረገች እናት ይህ ከቁስሉ ሕመም የማይተናነስ ፈተና ነው።

ከቁስል ማመርቀዝ በላይ የሚያሰጋው የደም መርጋት ነው። በእግር ሥር የረጋ ደም ወደ ሳንባ ከተሻገረ ሊገድል ይችላል። የአሜሪካ የበሽታዎች መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል (ሲዲሲ) እንዳስታወቀው፣ ከ2009 እስከ 2022 ባለው ጊዜ 93 አሜሪካውያን በዶሚኒካን ሪፐብሊክ የውበት ቀዶ ሕክምና ካደረጉ በኋላ ሞተዋል። ዝርዝር ምርመራ ከተደረገባቸው ሞቶች የአብዛኞቹ መንስኤ ወደ ሳንባ የሄደ ስብ ወይም የረጋ ደም ነበር።

ለምሥራቅ አፍሪካ ታካሚዎች ጉዳዩ ከጉዞ ጋር ይያያዛል። ኢስታንቡልን ወደመሳሰሉ ከተሞች የሚወስዱ ደላሎች ሕክምናንና ሆቴልን በአንድ ዋጋ ያቀርባሉ። ሲዲሲ ግን ከሆድ ቀዶ ሕክምና በኋላ ቢያንስ 10 ቀን ሳይሞላ በአውሮፕላን መጓዝ አይመክርም፤ ለረዥም ሰዓት ሳይንቀሳቀሱ መቀመጥ የደም መርጋትን ያባብሳልና። በጥቅሉ ዋጋ ውስጥ ያለው የሆቴል ቆይታ ከዚህ ካነሰ፣ ርካሽነቱ የተገኘው ከማገገሚያው ጊዜ ላይ ተቀንሶ ነው።

አገር ቤት ከተመለሱ በኋላ ባቷ ያበጠ ወይም ትንፋሽ ያጠራት ታካሚ የምትደርሰው በአቅራቢያዋ ወዳለ ድንገተኛ ክፍል ነው። ተረኛው ሐኪም ቀዶ ሕክምናውን አላደረገም። ምን እንደተቀደደ፣ ምን ያህል ስብ እንደወጣ፣ ምን መድኃኒት እንደተሰጠ የሚገልጽ ወረቀት ካልያዘች፣ ለሕክምና የሚያስፈልገው ጊዜ በጥያቄ ያልፋል።