መንጠቆና ልጆች በሐይቅ ዳር

በዕረፍት ቀን ልጆቹን ይዞ ሐዋሳ የሚወርድ ቤተሰብ አሞራ ገደልን ሳያይ አይመለስም። ጠዋት ጀልባዎች ዓሣ ሲያራግፉ ሻጩ፣ ገዢው፣ ዓሣ አራጁ፣ አባ ኮዳው ሳይቀር በአንድ ዳርቻ ይጋፋል። ይህን ያየ ልጅ «እኔም ላጥምድ» ማለቱ አይቀርም። ፍላጎቱ መልካም ነው፤ ትዕግሥትን ይማርበታል። ይሁንና ወላጆች ክርና መንጠቆ ከመግዛታቸው በፊት ሊያስቡባቸው የሚገቡ ነገሮች አሉ።

በመጀመሪያ ቦታ ምረጡ። ጀልባ ከሚቆምበት፣ መረብ ከተዘረጋበትና ሰው ከሚበዛበት ራቅ በሉ። ሆኖም ቄጠማው ወደሚጠልቅበት ጭር ያለ ዳርቻ አትሂዱ፤ ሐይቁ ጉማሬ አለበት። በተለይ ሲመሽ ልጆችን ከውኃው ዳር አርቁ።

ሁለተኛ፣ ልጁ ከደረቅ መሬት ላይ ያጥምድ እንጂ ውኃው ውስጥ አይግባ። የቢልሃርዚያ ትል በውኃ ውስጥ ካሉ ቀንድ አውጣዎች ወጥታ በሰው ቆዳ ሰርስራ ትገባለችና።

ሦስተኛ፣ ክር ከመወርወሩ በፊት ወደ ኋላው ዞሮ እንዲመለከት አስተምሩት። በሰው መካከል የተወረወረ መንጠቆ ዓይን ያጠፋል። መንጠቆ ሥጋ ውስጥ ከተቀረቀረ ጎትታችሁ አታውጡ፤ ክሩን ቆርጣችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ዓይን ከነካ ደግሞ ምንም ሳትነኩ ወደ ሐኪም ቤት ፍጠኑ።

ለቆሮሶ ትንሽ መንጠቆና እንደ አተር የተድቦለቦለ ሊጥ ወይም የትል ቁራጭ ይበቃል። አምባዛ ግን ከሥር የሚኖርና ሥጋም የሚበላ ስለሆነ ተለቅ ያለ መንጠቆና የዓሣ አንጀት ይፈልጋል። የጎን ክንፉ እሾህ ስለሚወጋ አዋቂ ይያዘው።

አንድ ነገር ለልጆቻችሁ ንገሩ። እናት ቆሮሶ እንቁላሏንና አዲስ የተፈለፈሉ ልጆቿን በአፏ ይዛ ትጠብቃለች። ስለዚህ ከመዳፍ የማይበልጥ ዓሣ ሲያዝ እጅን በውኃ አርሶ፣ መንጠቆውን በቀስታ አውጥቶ መመለስ ይገባል። ትንሹ ሁሉ ከወጣ ነገ የሚራባ አይኖርም፤ በዚህ ሐይቅ ዓሣ የሚተዳደረው ቤተሰብም ጾሙን ያድራል።

የተያዘው ዓሣ ፀሐይ ላይ አይቆይ። ሆድ ዕቃውን ቶሎ አውጡ፤ በጥላ ወይም በበረዶ አቆዩት፤ ለልጆች ስትሰጡም በሚገባ አብስላችሁ ይሁን። ሆድ ዕቃውን ወደ ሐይቁ አትጣሉ። የተበጣጠሰ የናይሎን ክርም የወፎችን እግር ስለሚያስር ሰብስባችሁ ውሰዱ።

በእነዚህ ጥንቃቄዎች ልጆቻችሁ ቢያንስ አንድ ዓሣ፣ ባይቀናቸውም አንድ ቁም ነገር ይዘው ይመለሳሉ።