ደብዳቤው ወደ ኮልፌ ባይመጣም



ከኮልፌ ቀራኒዮ እየተመላለስን ምህንድስና ከምንማረው መካከል የአንዳችን እህት ዘንድሮ ከቶሮንቶ አንድ ኢሜይል አዙራ ላከችልን። ኢንተርኔት ከሚያቀርብላት ድርጅት የመጣ ነው። በዚህ ቀን፣ በዚህ ሰዓት፣ ለእርስዎ መስመር ከተሰጠው አድራሻ አንድ ፊልም ለሌሎች ሲጋራ ታይቷል፤ ባለመብቱ ይህን እንድናሳውቅዎ ጠይቆናል ይላል ባጭሩ። የእሷ ጥያቄ ደግሞ ከዚያም ያጠረ ነበር፦ «ሊያስሩኝ ነው?»

አያስሯትም። ግን እንዴት እንዳገኟት ማወቁ ለእኛም ይጠቅማል። በቶረንት ፊልም የሚያወርድ ሰው የሚያወርድ ብቻ ይመስለዋል። ፋይሉ በትናንሽ ቁራጭ ተከፍሎ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ቁራጭ ሲደርሰው ኮምፒውተሩ ወዲያው ያንኑ ለሌላ ሰው ማደል ይጀምራል። በባለመብቶች የተቀጠሩ ድርጅቶችም እንደማንኛውም አውራጅ ገብተው ማን ምን እያደለ እንደሆነ ይመዘግባሉ። የሚያዩት አይፒ አድራሻና ሰዓት ነው፤ ስም አያዩም። አድራሻው የየትኛው አቅራቢ እንደሆነ ግን ማንም ሊያጣራ ስለሚችል ማሳሰቢያውን ለእሱ ይልካሉ። አቅራቢው በዚያ ሰዓት አድራሻው ለየትኛው ደንበኛ ተሰጥቶ እንደነበር ከመዝገቡ አይቶ ያደርሳል። በዚያ ቤት ዋይፋዩን የሚጠቀሙት አምስት ሰዎች ቢሆኑ ደብዳቤው የሚደርሰው ሒሳቡ በስሙ ለሆነው ነው። ስለዚህ ማሳሰቢያው መስመሩን እንጂ ሰውየውን አያውቅም።

በካናዳ ይህ አሠራር እ.ኤ.አ. ከጥር 2015 ጀምሮ በሕግ የጸና ነው። አቅራቢው ማሳሰቢያውን ያስተላልፋል፤ ደንበኛውን ለመለየት የሚያስችለውን መዝገብ ለ6 ወር ያቆያል፤ ስሙን ግን ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ አሳልፎ አይሰጥም። ለንግድ ያልሆነ ጥሰት ፍርድ ቤት ቀርቦ ቢረጋገጥ ሕጉ የተመነው ካሳ ከ100 እስከ 5,000 የካናዳ ዶላር ነው። መጀመሪያ አካባቢ አንዳንድ ባለመብቶች በማሳሰቢያው ውስጥ «ይህን ያህል ከፍላችሁ እንታረቅ» የሚል ጨምረው ብዙ ሰው አስደንግጠው ነበር። በ2018 መጨረሻ ሕጉ ተሻሽሎ የክፍያ ጥያቄ ወይም የመክፈያ ሊንክ የያዘ ማሳሰቢያ ዋጋ እንዳይኖረው ተደረገ። ካናዳ ዘመድ ያላችሁ ይህችን ንገሩልን፦ ገንዘብ የሚጠይቅ ደብዳቤ ከመጣ ሊንኩን እንዳይነኩ።

አሜሪካ ይከብዳል። እዚያ ሕጉ ካሳውን የሚተምነው በአንድ ሥራ ነው፤ ከ750 እስከ 30,000 ዶላር፣ ሆን ተብሎ ከሆነ እስከ 150,000። እ.ኤ.አ. በ2019 ሐበሻ በሚበዛበት አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የተቀመጠ ዳኞች ጉባኤ ኮክስ የተባለውን ኢንተርኔት አቅራቢ ደጋግመው የጣሱ ደንበኞቹን አላቋረጠም ብሎ 1 ቢሊዮን ዶላር ፈረደበት። ይግባኝ ሰሚው በ2024 የገንዘቡን መጠን ሻረው። ነገር ግን እንዲህ ያለ ፍርድ ያየ ድርጅት የደንበኛውን መስመር ለመቁረጥ እጁ ቢፈጥን አይገርምም።

እኛ ዘንድስ? አጠና ተራ ወይም አየር ጤና ተቀምጦ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ደረሰኝ የሚል ሰው አላጋጠመንም። ብዙ ተማሪ ይህን «እዚህ አገር ሕግ የለም» ብሎ ይተረጉመዋል። ሕግ አለ። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የድርሰትና የኪነ ጥበብ ባለቤትነትን ራሱን በቻለ ክፍል ደንግጎ ነበር። ከዚያ የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መጣ፤ በ2007 በአዋጅ ቁጥር 872 ተሻሻለ። አዋጅ 410 ሲወጣ ሆን ብሎ መብቱን ለጣሰ ሰው የደነገገው ቅጣት ከ5 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ነበር፤ በከባድ ቸልተኝነት ለጣሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት። ካናዳ በ100 ዶላር የምትጀምረውን እኛ በ5 ዓመት እስራት ጀመርነው። ምናልባት ማንም የማይፈራው ለዚህ ሊሆን ይችላል፤ ዳኛ ፊልም በፍላሽ የጫነን ልጅ 5 ዓመት ያስራል ብሎ የሚያምን የለም።

ደብዳቤው የማይመጣበት ምክንያት ሌላ ነው። አንደኛ፣ አዋጁ ውስጥ ኢንተርኔት አቅራቢው ማሳሰቢያ ለደንበኛው እንዲያደርስ የሚያዝ አንቀጽ የለም። ሁለተኛው ቴክኒካዊ ነው፦ እዚህ ፋይል የሚዞረው በአብዛኛው በቴሌግራምና በፍላሽ ስለሆነ ቶረንት ላይ እንደሚደረገው በር ላይ ቆሞ የሚመዘግብ የለም። በሞባይል ዳታም ቢሆን አንድ አይፒ አድራሻ በአንድ ጊዜ ለብዙ ስልኮች ይጋራል። ሦስተኛው ደግሞ ብዙዎቻችን የማናውቀው ነው። አዋጁ የሚጠብቀው የኢትዮጵያዊን ወይም ዋና መኖሪያው እዚህ የሆነን ሰው ሥራ፣ መጀመሪያ እዚህ የታተመን ወይም ውጭ ታትሞ በ30 ቀን ውስጥ እዚህም የታተመን፣ እንዲሁም ኢትዮጵያ በገባችበት ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥበቃ ያገኘን ነው። የውጭ አገር ድርሰትን አገር ከአገር የሚያስጠብቀው ዋናው ውል እ.ኤ.አ. በ1886 የተፈረመው የበርን ስምምነት ነው። አዋጁ ሲወጣም ሆነ ከዚያ በኋላ በነበሩት ረጅም ዓመታት ኢትዮጵያ የዚህ ስምምነት አባል አልነበረችም።

ውጤቱን አስቡት። የሆሊውድ ፊልምና የአሜሪካ የካልኩለስ መጽሐፍ በዚህ አገር ሕግ ፊት ጠባቂ አልነበራቸውም። ሙሉ ጥበቃ የነበረው በየኮንዶሚኒየሙ ተቀምጦ ኪታብ ወደ አማርኛ የሚተረጉመው ኡስታዝ፣ መንዙማና ነሺዳ የሚቀርጸው ወንድም፣ የፈተና መልመጃ የሚያዘጋጀው መምህር ነው። እኛ ግን የምንሰጋው ከሆሊውድ ነው። የኡስታዙን ትርጉም ያለ ምንም ሐሳብ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ እናሳልፋለን።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከሕግ ወደ ሐቅ የሚሻገረው። «ለኢስላም እስከሆነ ድረስ ችግር የለውም» የሚል ክርክር በየዶርሙ እንሰማለን። ዕውቀትን መደበቅ የተወገዘ ነው፣ እውነት ነው። ነገር ግን የዘመናችን ዑለሞች ጥያቄውን ሳያዩት አላለፉም። መቀመጫውን ጂዳ ያደረገው ዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1988 ኩዌት ላይ ባደረገው 5ኛ ጉባኤ በውሳኔ ቁጥር 43 የድርሰትና የፈጠራ መብቶች በሸሪዓ የተጠበቁ መሆናቸውን፣ ባለቤቶቻቸው ሊጠቀሙባቸው እንደሚችሉና መጣስ እንደማይቻል አስታውቋል። ለግል ጥናት አንድ ቅጂ ስለማንሳትና ስለመሳሰለው ዝርዝር ዑለሞች የሚለያዩበት አለ። እሱን ለኡስታዞቻችን እንተወዋለን። ተርጓሚው ያልፈቀደውን ሙሉ መጽሐፍ ስካን አድርጎ ለሺህ ሰው መበተን ግን «ለግል ጥናት» ከሚባለው ድንበር ውጭ እንደሆነ ለማወቅ ፈትዋ የሚያስፈልገን አይመስለንም።

መድረሳ የቀራን ሰዎች ደግሞ ሌላ የምናውቀው ነገር አለ። የሐረርም የወሎም ኪታቦች ለዘመናት የዞሩት በእጅ እየተገለበጡ ነው። መገልበጥ ነውር አልነበረም፤ ክብር ነበር። ግን ገልባጩ የደራሲውን ስም ከላይ ይጽፋል፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ መጨረሻው ላይ የራሱን ስምና የጨረሰበትን ቀን ያሰፍራል። ደረሳው ኪታቡን ቀርቶ ሲያበቃ ኢጃዛ የሚቀበለው ከሸይኹ ነው፤ ሸይኹም ከማን እንደተቀበለ ይታወቃል። ሰንሰለቱ ላይ ስም አይዘለልም። አሁን በቴሌግራም የሚሆነውን ከዚህ ጋር አስተያዩት። የሽፋኑ ገጽ ተቆርጦ ይጣላል፣ የተርጓሚው ስም ያለበት ገጽ አብሮ ይሄዳል፣ በየገጹ ግርጌ የቻናሉ አርማ ይለጠፋል። ገንዘቡን እንኳ እንተወውና ስሙን መውሰድ በየትኛው የቂርኣት ወግ ይፈቀዳል? በመጀመሪያው እትም የከሰረ ተርጓሚ ሁለተኛውን ቅጽ ከየት አምጥቶ ያሳትመዋል? አንደኛው ቅጽ ወጥቶ ሁለተኛው የቀረ መጽሐፍ በየመደርደሪያችን አለ። ሁሉም በዚህ ምክንያት ቀረ አንልም፤ ይህ ግን አላገዘውም።

ስለ ድሃ ተማሪ የሚነሳው ክርክር ተገቢ ነው፤ ልናልፈው አንፈልግም። ቤተ መጻሕፍቱ ሦስት ቅጂ ብቻ ያለውን መጽሐፍ ሁለት ክፍል ተማሪ ሲሰለፍበት አንድ ምዕራፍ ፎቶኮፒ ያነሳን ልጅ ሌባ የሚል ሰው ከእኛ መካከል የለም። አዋጁም አይለውም። አንድ ሰው ለራሱ ብቻ ከታተመ ሥራ አንድ ቅጂ ቢያነሳ ባለመብቱ ሊከለክለው አይችልም፤ ለማስተማሪያም ሌላ ፈቃድ አለው። ችግር ያለበት ማን ነው፣ የተመቸው ማን ነው የሚለውን ግን መለየት ይቻላል። በወር ብዙ ጊጋባይት ጥቅል እየገዛ የ«መጽሐፍ ውድ ነው» ክርክር የሚያነሳ ሰው ድሃውን ጋሻ እያደረገው ነው።

አዋጁ በግል ቅጂ ፈቃድ ውስጥ ያላካተተው አንድ ነገር የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው፤ ለእሱ የተለየ አንቀጽ አለው። ይህ ደግሞ የእኛው የምህንድስናው ቤት ጉዳይ ነው። የተሰበረ አውቶካድና ማትላብ በፍላሽ እየዞረ ነው የሚተከለው። ቁልፉን የሰበረው ማን እንደሆነ፣ አብሮ ምን እንደከተተበት የሚያውቅ የለም፤ ከተከላው በፊት «አንቲቫይረሱን አጥፋ» የሚል መመሪያ ለመሐንዲስ ብቻውን በቂ ምልክት ነበር። የሚገርመው ደግሞ አስፈላጊ አለመሆኑ ነው። አውቶዴስክ አውቶካድንና ሬቪትን ለተማሪ በነጻ ይሰጣል፤ ተማሪ መሆንህን አረጋግጥ ነው የሚለው። ለዚያ የሚቀለው መንገድ የተቋም ኢሜይል ነው፤ ይህን ለእያንዳንዱ ተማሪ መስጠት ደግሞ ለዩኒቨርሲቲ ከባድ ወጪ አይደለም። በማትላብ ፋንታ ኦክታቭ አብዛኛውን የቤት ሥራችንን ይሠራል። ለካርታ ኪውጂአይኤስ፣ ለሰርኪዩት ኪካድ፣ ለስዕል ፍሪካድ አሉ፤ ሁሉም ነጻና ሕጋዊ ናቸው። ካልኩለስና ፊዚክስ ከኦፕንስታክስ በፒዲኤፍ ይወርዳሉ፤ አሳታሚው ራሱ አውርዱ ብሏል። እውነቱን ለመናገር ፍሪካድ ያስቸግራል፤ መጀመሪያ ላይ ያናድዳል። ይለመዳል።

የውጭው በርም እንደተከፈተ አይቀርም። ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በ1995 ነው። የድርጅቱ የአእምሯዊ ንብረት ስምምነት አባል አገሮች የበርንን ዋና ዋና አንቀጾች እንዲያከብሩ ያስገድዳል። ላላደጉ አባል አገሮች የተሰጠው የእፎይታ ጊዜ እ.ኤ.አ. እስከ ሐምሌ 2034 ተራዝሟል፤ አዲስ ለሚገባ አገር ግን የሚወስነው ድርድሩ ነው። ዛሬ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያለ ተማሪ ያን ጊዜ ቢሮ ከፍቶ፣ ሠራተኛ ቀጥሮ፣ ዓለም አቀፍ ጨረታ የሚወዳደር ሰው ነው። በተሰበረ ሶፍትዌር ብቻ መሥራት የለመደ እጅ ያኔ ከየት ይጀምራል?

ያ ቀን ሲመጣ ማሳሰቢያ የመላኩም ሥርዓት አብሮ ሊመጣ ይችላል፤ እዚያ ላይ ደግሞ ዝም ማለት አይገባንም። መዝገቡ ቀድሞ አለ፦ የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አገልግሎት ሰጪዎች የትራፊክ ዳታን ለአንድ ዓመት እንዲያቆዩ ያዛል። በዚያ ላይ የአሜሪካው ዓይነት «ካላቋረጥክ ትከሰሳለህ» ቢጨመርበት፣ በአንድ ራውተር አንድ ደረጃ ሙሉ በሚጋራበት ኮንዶሚኒየም የአንዱ ልጅ ፊልም የስድስት ቤተሰብን ኢንተርኔት ያስቆርጣል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2009 በሦስተኛው ማሳሰቢያ መስመር የሚቆርጥ ሕግ ስታወጣ የሕገ መንግሥት ምክር ቤቷ ያለ ዳኛ አይቆረጥም ብሎ መልሶታል። እኛ የምንመርጠው የካናዳውን ነው፦ ይነገር፣ ስም ይጠበቅ፣ ገንዘብ አይጠየቅ፣ መቁረጥ አይኑር። የሕግ ትምህርት ቤት ወንድሞችና እህቶች ከእኛ የተሻለ ይጽፉበታል፤ በሚቀጥለው እትም እንጠብቃለን።

እስከዚያው ከጀመዓችን የምንጠይቀው አለ። የጀመዓው ቻናል ላይ በሕይወት ያሉ የአገራችን ተርጓሚዎች መጻሕፍት ስካን ተደርገው ተቀምጠዋል። ይውረዱ። ለእያንዳንዱ ተርጓሚ ይደወልለት፤ ፈቃዱ ይጠየቅ። የፈቀደው ከነስሙና ከነሽፋኑ ይመለስ፤ ያልፈቀደውን በወር መዋጮ ሦስት ሦስት ቅጂ ገዝተን መስጂድ አጠገብ ባለችው የጀመዓው መደርደሪያ ላይ እናስቀምጥ፣ በውሰት ይዙር። ስልክ መደወሉን እኛ እንይዛለን። ስም ዝርዝሩን እየሠራን ስለሆነ ተርጓሚ የምታውቁ ቅዳሜ ከዐስር በኋላ አግኙን።