የሱሉልታ ሯጮች ቀስ ያሉበት ማለዳ

ባለፈው ጥር ለለቅሶ ወደ ሱሉልታ ወጥቼ ነበር። የእንጦጦን ጀርባ ይዘን ቁልቁል ስንወርድ ገና 12 ሰዓት ተኩል አልሞላም፤ ሜዳውን ውርጭ አንጥቶታል። ከአስፋልቱ ወጣ ብሎ ባለው ኮሮኮንች ላይ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሯጮች በአንድ ረድፍ ተከታትለው ይሄዳሉ። «ይሄዳሉ» ያልኩት ሩጫቸው ሩጫ ስላልመሰለኝ ነው። ፊተኛው የረገጠውን ኋለኛው ይረግጣል፤ አንዳንዶቹ ያወራሉ፤ እኔ ራሴ ሱፌን እንደለበስኩ ብከተላቸው እደርስባቸው ነበር።

«ምነው እነዚህ ልጆች ዛሬ ደከማቸው?» አልኩት መኪናው ውስጥ አብሮኝ ለተቀመጠው የሰፈሩ ወጣት።

«አይ ጋሼ፣ ዛሬ ቀላል ቀናቸው ነው። ትናንት አስፋልት ላይ ቢያዩዋቸው ኖሮ እንዲህ አይሉም።»

ይህች «ቀላል ቀን» የምትባል ነገር ለቅሶ ቤት ድረስ ተከተለችኝ። ምክንያቱም ከዚያ በፊት በነበረው ሳምንት መሥሪያ ቤታችን ስለ ራስን ማሻሻል የአንድ ቀን ሥልጠና አዘጋጅቶልን፣ አሠልጣኙ የሯጮቻችንን ፎቶ ግድግዳ ላይ እያሳየ «እነዚህ ሰዎች በየቀኑ እስከ መጨረሻው ይገፋሉ፤ እናንተስ?» ሲለን ውሏል። አንገታችንን ደፍተን ሰማነው። ለካ እሱም እኛም ያወቅነው ግማሹን ብቻ ኖሯል።

ሱሉልታ ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ ሰውነት ያችን ያገኛትን ኦክስጅን ማብቃቃት ይማራል። ኃይሌ ገብረሥላሴና ቀነኒሳ በቀለ ገንዘባቸውን አፍስሰው የልምምድ ስፍራ እዚያ የሠሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ነገር ግን በዚያ ከፍታ በየቀኑ እስከ ጥግ የሚሮጥ ሰው ኮንዲሽኑ ወዲያው ይወርዳል። የከባዱ ቀን ሩጫ ጡንቻን ያቆስላል፤ የሚጠግነው የማግስቱ ዝግታ፣ ምግቡና የከሰዓት በኋላው እንቅልፍ ነው። ሯጭ ከምሳ በኋላ ሲተኛ ሥራ ላይ ነው። ይህን ለአለቃዬ ለማስረዳት ሞክሬ አልተሳካልኝም።

ትዕግሥት አሰፋን እናስብ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) ሪዮ ኦሎምፒክ ላይ የሮጠችው 800 ሜትር ነበር። በ2022 ሪያድ ላይ የመጀመሪያ ማራቶኗን በ2 ሰዓት ከ34 ደቂቃ ጨረሰች። በዚያው ዓመት በርሊን ላይ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ገባች፤ በ2023 ደግሞ እዚያው በርሊን 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ሮጣ የዚያን ጊዜውን የዓለም ክብረ ወሰን ከሁለት ደቂቃ በላይ ቀነሰችው። እኛ በቴሌቪዥን ያየነው የበርሊኑን ሁለት ሰዓት ነው። ከሪዮ እስከ በርሊን ያሉትን ሰባት ዓመታትና በውስጣቸው ያሉትን የዝግታ ማለዳዎች የትኛው ካሜራ ይቀርጻቸዋል?

ሌላው ያስገረመኝ የእነዚያ የሱሉልታ ሯጮች ረድፍ ነው። ማይክል ክራውሊ የተባለ ብሪታኒያዊ አንትሮፖሎጂስት አዲስ አበባ መጥቶ ከሯጮቻችን ጋር ከአንድ ዓመት በላይ እየሮጠ ከኖረ በኋላ በ2020 (እ.ኤ.አ.) መጽሐፍ አሳትሟል። እሱንም የደነቀው ይኸው ነው፤ እዚህ አገር ብቻውን የሚለማመድ ሯጭ በበጎ ዓይን አይታይም። ሚኒባሱ የሚነሳበት ሰዓት አለ፤ መሪነቱ በተራ ነው፤ የቀረ ሰው ባልደረቦቹን ያጎድላል። ማለዳ የሚያስነሳቸው የልብ ቆራጥነት ብቻ እንዳይመስለን፤ ጨለማ ውስጥ ቆመው የሚጠብቁ ሰዎች አሉ።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። የምኖረው ቡራዩ ነው። መስከረም 1 ቀን አዲስ ደብተር ገዝቼ አራት ነገር ጻፍኩበት፦ በየቀኑ አንድ ሰዓት እንግሊዝኛ፣ በየቀኑ ሠላሳ ገጽ ንባብ፣ በየቀኑ ስፖርት፣ በየቀኑ የዕለት ማስታወሻ። ቀላል ቀን የሚባል ነገር የለበትም። ጥቅምት ላይ ባለቤቴ ደብተሩን ለበርበሬና ለሽሮ ሒሳብ ወሰደችው፤ እውነት ለመናገር እዚያ ላይ ነው ደብተሩ ሥራ ያገኘው።

እኔ ግን ልማድ የሌለኝ ሰው አይደለሁም። ዕቁብ ከገባሁ አራት ዓመቴ ነው፤ አንድም እሑድ አላጓደልኩም። ደመወዝ ሲዘገይ ተበድሬ ጥያለሁ። ባንክ ሄጄ በየወሩ እንድቆጥብ ብባል ግን በሦስተኛው ወር ሰበብ አላጣም። ልዩነቱ ሌላ አይደለም፤ የዕቁባችን ዳኛ፣ አዴ እያልን የምንጠራቸው የሰፈራችን እናት፣ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው መንገዱን ያያሉ። ሃያ አራት ሰው ስሜ ሲጠራ ይሰማል። የሥልጠናው አዳራሽ ውስጥ ግን ስሜን የጠራ አልነበረም።

ስለ ማለዳም ሲነገር ትንሽ እታዘባለሁ። በየአስፋልቱ ዳር የሚሸጡት የስኬት መጻሕፍት «ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሡ» ይላሉ። የቡራዩ ሰው እኮ ተነሥቷል! አስኮ ላይ የታክሲ ወረፋው ከመርዘሙ በፊት ለመድረስ እናት ልጇን በጨለማ አልብሳ ትወጣለች። ሰበታም፣ ዓለም ገናም እንደዚሁ ነው። በ2015 ዓ.ም. ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ ከሌሎች ከተሞች ጋር ተጣምረው ሸገር ከተማ ተብለዋል፤ ማኅተሙ ተቀይሯል፤ የብዙው ሰው እንጀራ ግን አሁንም አዲስ አበባ ነው። ደርሶ መልስ ሦስት ሰዓት መንገድ የሚበላውን ሠራተኛ ጊዜውን አያውቅበትም ብሎ መውቀስ ነውር ነው። ሱሉልታም ሜዳው እየታጠረ ሯጮቹ ከጎጃም መንገድ የጭነት መኪና ጋር እየተጋፉ ነው። ልማድ መሬትም ይፈልጋል፤ ይህ ደግሞ የሯጩም የሠራተኛውም ሳይሆን የከተማው አስተዳደር የቤት ሥራ ነው።

ይህን ብዬ ግን እጄን አጣጥፌ ልቀመጥ አልችልም፤ ምክንያቱም ቢሮዬ ውስጥ አጠገቤ የሚቀመጥ አንድ የሕግ ባለሙያ አለ። ከልጅነቱ ዓይነ ስውር ነው፤ የተማረው ሰበታ፣ መርሐ ዕውራን ነው። እዚያ ልጆች በብሬል ሲጽፉ ወረቀቱን ከጀርባው በኩል እየወጉ ከቀኝ ወደ ግራ ይጽፋሉ፤ ገልብጠው ከግራ ወደ ቀኝ ያነቡታል። የቢሮ ጠረጴዛው ላይም ዝንፍ የማይል ሥርዓት አለ፦ መውጊያው በቀኝ፣ ወረቀቱ በግራ፣ የሻይ ብርጭቆው ሁልጊዜ ጥግ ላይ። ጽዳት የምትሠራው ልጅ አንድ ቀን ብርጭቆውን አንድ ስንዝር አንቀሳቅሳ ዶሴው በሻይ ራሰ። አልተቆጣም፤ ጠርቶ ቦታውን በእጇ አስዳሰሳት። እኔ በየጠዋቱ ቁልፌንና መነጽሬን ስፈልግ ሩብ ሰዓት ይሄዳል። መብራት ሲጠፋ እኛ ሁላችን ወደ መስኮቱ እንዞራለን፤ እሱ በጣቱ ማንበቡን ይቀጥላል። አንዳንዴም «የማኅተሙ ቀለም የት ነው?» ብለን የምንጠይቀው እሱን ነው።

ከለቅሶው ከተመለስኩ በኋላ ሁለት ጎረቤቶቼን አነጋገርኩ፤ አንዱ የባንክ ሠራተኛ፣ ሌላዋ አስተማሪ ናት። ተስማማን፤ አንዳችን በተራ ቀድመን ሄደን ለሦስታችንም ወረፋ እንይዛለን፤ ታክሲ ውስጥ ደግሞ የትረካ ተረኛው ያነበበውን አንድ ምዕራፍ ለሁለቱ ይተርካል። ረቡዕና ዓርብ ምንም የለም፤ ተኝቶ መሄድ ይቻላል። በመጀመሪያ በጨረስነው መጽሐፍ ግማሹ ላይ ተጣልተናል፤ ሁለተኛውን ይዘናል።

ያለፈው ሐሙስ ዝናብ ነበር። ሌሊቱን አልተኛሁም፤ የመተረኩ ተራ የእኔ ስለነበር ምዕራፉን በግድ ጨረስኩት። ልቅር እያልኩ ብርድ ልብሱን ስስብ ስልኬ ጮኸ፤ የባንኩ ልጅ ነው።

«ጋሼ፣ ወረፋ ይዤልዎታለሁ። ሦስት ሰው ነው ከፊታችን ያለው፤ ይድረሱ።»

በጨለማው ውስጥ እጄን ዘረጋሁ። ቁልፉ ካስቀመጥኩበት ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ ጫማዬም በር ላይ ነበር።